ሁለት ባላ የተከለች ሞስኮ፦ ሶቪየት ኅብረት በአፍሪካ ቀንድ፣ 1969–1970 ዓ.ም.

ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ተሻግሮ ኦጋዴን ሲገባ ከፊት የሚነዱት ታንኮች የሶቪየት ሥሪት ነበሩ። መኮንኖቹን ያሠለጠነችው ሶቪየት ኅብረት ናት፤ የጦሩን አደረጃጀት የቀረጹትም አማካሪዎቿ ናቸው። የሚወጋው የደርግ መንግሥት ደግሞ ከወራት በፊት ከዚያችው ሞስኮ ጋር የመሣሪያ ውል ተፈራርሟል። ሊቀ መንበሩ ሌተና ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ክሬምሊን ድረስ ሄደው የወዳጅነት መግለጫ ፈርመው ከተመለሱ ገና ሦስት ወር አልሞላም።

ይህ ታሪክ በእኛ ዘንድ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ጦርነቱ ወደተቋጨበት የካራማራ ድል ይሮጣል። ሶማሌዎች ዘንድ ሲነሳ ደግሞ ስለ ክህደት ይወራል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሁለቱም በፊት ያለው ጊዜ ነው። ከታኅሣሥ እስከ ሐምሌ 1969 ባሉት ሰባት ወራት ሞስኮ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ ሰጠች፣ ለሁለቱም ወዳጅ ነኝ አለች፣ አንዱንም በግልጽ «እዚህ ጋ ይበቃሃል» አላለችም። ኅዳር 1970 ላይ ኢትዮጵያን ስትመርጥ ምርጫው ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። ጥፋቱ መምረጥ በሚገባት ሰዓት አለመምረጧ ነው። የዚያን መዘግየት ዋጋ የከፈሉት ደግሞ የሐረርጌና የኦጋዴን ሰዎች ናቸው።

ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር እየጻፍኩ ልቀጥል።

ሶማሊያ በ1952 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ሰንደቅ ዓላማዋ ላይ ያሰፈረችው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች ያመለክታል። ከአምስቱ ሦስቱ ከድንበሯ ውጭ ናቸው፦ ኦጋዴን፣ በፈረንሳይ እጅ የነበረችው ጅቡቲና የኬንያ ሰሜን ምሥራቅ። ይህን ጥያቄ ይዛ ምዕራባውያን ዘንድ ስትሄድ የፈለገችውን ያህል የሚያስታጥቃት አላገኘችም፤ አሜሪካ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ወዳጅ ናት። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ፊቷን ወደ ሞስኮ አዞረች። በጥቅምት 1962 ጄኔራል ዚያድ ባሬ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው ሶሻሊዝምን ሲያውጁ ወዳጅነቱ ጠበቀ። ሐምሌ 1966 ላይ የተፈረመው የወዳጅነትና የትብብር ውል ሶቪየት ኅብረት ከሰሃራ በታች ካለ አገር ጋር የገባችው የመጀመሪያው ነበር።

ሞስኮ በምላሹ ያገኘችው በርበራን ነው። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ጥልቅ ወደብ፣ የመገናኛ ጣቢያ፣ የሚሳኤል ማከማቻ፣ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚረዝም ማኮብኮቢያ። ከስዊዝ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ ከዚያ ሆኖ መከታተል ይቻላል። በሩቅ ውቅያኖስ ላይ የባሕር ኃይሏን ለማስፋት ለምትጥር አገር ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለመረዳት ይህን ወደብ ማስታወስ ይጠቅማል፤ ሞስኮ ለሁለት ልብ የሆነችበት ዋናው ምክንያት እሱ ነው።

በወዲያኛው በኩል አሜሪካ በኢትዮጵያ የነበራት ጥቅምም አንድ ቦታ ላይ የተሰካ ነበር፦ አሥመራ፣ ቃኘው የተባለው የሬዲዮ መገናኛና ማዳመጫ ጣቢያ። በ1945 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት አሜሪካ ጣቢያውን ለ25 ዓመት ይዛ በምላሹ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር አስታጠቀች፤ አየር ኃይሉን በዘመናዊ መልክ አሠለጠነች። በስድሳዎቹ አጋማሽ ግን ሳተላይትና የዲዬጎ ጋርሲያ ደሴት ጣቢያ የቃኘውን ሥራ መተካት ጀመሩ። ጣቢያው ዋጋ ባጣ ቁጥር ኢትዮጵያም በዋሽንግተን ዓይን ዋጋዋ ቀነሰ። የደርግ አብዮት የመጣው እንግዲህ አሜሪካ እግሯን ለማንሳት በምትዘጋጅበት ሰዓት ነው።

ደርግ ሥልጣን እንደያዘ ሞስኮ አልተቸኮለችም። አዲስ አበባ ያሉት መኮንኖች ወዴት እንደሚያዘነብሉ ገና አልለየም። ሶማሊያ ደግሞ ከጎን ሆና እያንዳንዱን እርምጃ ትቆጥራለች። ታኅሣሥ 1969 ላይ ግን የመጀመሪያው የመሣሪያ ውል በምስጢር ተፈረመ፤ መጠኑ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር ይገመታል። ከዚያ ጥር 26 ቀን መጣ። የደርግ ሊቀ መንበር ጄኔራል ተፈሪ በንቲና ሌሎች የደርግ አባላት በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ተገደሉ፤ መንግሥቱ ብቸኛው መሪ ሆኑ። የሶቪየት አምባሳደር አናቶሊ ራታኖቭ በማግስቱ መንግሥቱን አነጋገሩ፤ ከሞስኮም ከሃቫናም የደስታ መግለጫ ጎረፈ።

ይህን መዝለል አልፈልግም። የአንድ መንግሥት መሪና ባልደረቦቹ በጥይት በተገደሉ ማግስት ኃያሉ መንግሥት «አሁን አብዮቱ መስመር ያዘ» ብሎ ሲደሰት፣ ለአዲሱ መሪ የሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው፦ ተቃዋሚህን ካጠፋህ እንቀበልሃለን። የቀይ ሽብር ደም የፈሰሰው ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ነው። ያን ጊዜ ወንድም እህቱን ያጣ ሰው ዛሬም በየቤቱ አለ።

ዋሽንግተን በበኩሏ የካቲት ላይ ውሳኔዋን አሳወቀች። አዲሱ የካርተር አስተዳደር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳይረስ ቫንስ በሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት ለኢትዮጵያ፣ ለአርጀንቲናና ለኡራጓይ የሚሰጠው ወታደራዊ ዕርዳታ እንደሚቀነስ ገለጹ። መርሑን ማንም ሊነቅፈው አይችልም። ነገር ግን ውሳኔው የመጣው ሶማሊያ ለጦርነት በምትዘጋጅበት ሰዓት ነው። በዚያው ሰሞን ካርተር ሶማሊያን ወዳጅ ለማድረግ መንገድ እንዲፈለግ ለባለሥልጣኖቻቸው ነግረዋል። አዲስ አበባ ሁለቱን አንድ ላይ አነበበችው። ሚያዝያ 15 ቀን ደርግ ቃኘው ጣቢያን፣ የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎችን ቢሮና የማስታወቂያ ማዕከሉን እንዲዘጉ አዘዘ፤ የሰጣቸው ጊዜ ቀናት ብቻ ነበር። የሩብ ምዕተ ዓመት ወዳጅነት እንዲህ ተቋጨ።

አሁን ወደ ኤደን እንሂድ፤ የዚህ ጉዳይ ልብ ያለው እዚያ ነው።

መጋቢት 7 ቀን 1969 ዓ.ም. ፊደል ካስትሮ በደቡብ የመን ዋና ከተማ ሁለቱን መሪዎች ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። መንግሥቱ አሉ፣ ዚያድ ባሬ አሉ፣ የደቡብ የመኑ መሪ ሳሊም ሩባዪ ዓሊ አሉ። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነበር፦ ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን፣ ነፃ ስትወጣ ጅቡቲም ተጨምራ፣ አንድ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን ይመሥርቱ፤ ኦጋዴን በውስጡ ራስ ገዝ ይሁን፤ ኤርትራም እንዲሁ። ድንበር ትርጉም ሲያጣ የድንበር ጠብም ይሞታል የሚል ስሌት ነው። ሞስኮ ይህን ሙከራ ደግፋለች፤ ከሳምንታት በኋላ የሶቪየቱ ርእሰ ብሔር ፖድጎርኒ ራሳቸው ሞቃዲሾ ድረስ ሄደው ዚያድ ባሬን ለማግባባት ሞክረዋል።

ዚያድ ባሬ እምቢ አሉ። ኦጋዴንን አስቀድማችሁ ስጡኝ፣ ፌዴሬሽኑን ከዚያ በኋላ እናወራለን ነው ነገሩ። ካስትሮ ከስብሰባው በኋላ በርሊን ላይ ለምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ኤሪክ ሆኔከር ሲያጫውቱ ዚያድ ባሬን ከሶሻሊዝም ይልቅ ብሔርተኝነት የሚገዛቸው ሰው አድርገው፣ መንግሥቱን ደግሞ ጸጥ ያሉ፣ ሐቀኛና ቆራጥ አብዮተኛ አድርገው ሣሏቸው። የመጀመሪያው ግምገማ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ብዙ ነገር አሳውሯቸዋል።

ፌዴሬሽኑ ለምን እንደማይሆን ለማወቅ ስለላ አያስፈልግም ነበር። ሞቃዲሾ ያለው መንግሥት ሕጋዊነቱን ያቆመው በዚያ ኮከብ ላይ ነው፤ ኦጋዴንን የተወ ሶማሌ መሪ በማግስቱ መሪ ሆኖ አያድርም። አዲስ አበባ ያለው ወታደራዊ መንግሥት ደግሞ መፈክሩ «ኢትዮጵያ ትቅደም» ነው፤ ያውም ኤርትራ ውስጥ እየተዋጋ፣ በከተማ ከኢሕአፓ ጋር እየተገዳደለ። ከሁለቱ አንዱ እንኳ መሬትን የሚያህል ጉዳይ ለጋራ ርዕዮተ ዓለም ሲል አይለቅም። ኃያላኑ ማርክስን ሁለቱም እኩል ያነበቡት ስለመሰላቸው ተስማምተው የሚኖሩ መሰላቸው።

ለእኔ ኤደን የሞስኮ የመጨረሻዋ ንጹሕ ዕድል ነበረች። ዚያድ ባሬ እምቢታቸውን በግልጽ ተናግረዋል፤ ጦራቸው ያለ ሶቪየት ነዳጅ፣ መለዋወጫና ጥይት ብዙ መራመድ አይችልም። ያን ቀን «ድንበር ብትሻገር ከእኛ አንዲት ጥይት አታገኝም፣ አማካሪዎቻችንንም እናስወጣለን» ቢባሉ፣ ጦርነቱ ፈጽሞ ባይቀር እንኳ መልኩ ሌላ ይሆን ነበር። ሞስኮ ግን በርበራን ላለማጣት ስትል ምክር ከመስጠት አላለፈችም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ሞስኮ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መንግሥቱን በሞስኮ ተቀብላ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ የመሣሪያ ውል ተፈራረመች። ለሶማሊያ የሚሄደው መሣሪያም አልቆመም።

ዋሽንግተንም በዚህ መሐል ስህተት ጨመረች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ለሶማሊያ የመከላከያ መሣሪያ ለመስጠት «በመርሕ ደረጃ» ፈቃደኛ መሆኗን አስታወቀች። ለዚያድ ባሬ ይህ ሞስኮ ብትቆጣ አሜሪካ አለች የሚል ትርጉም ያለው ምልክት ሆነ። የሶማሊያ መደበኛ ጦር ኦጋዴን ውስጥ እየተዋጋ መሆኑ ሲረጋገጥ ነሐሴ ላይ አሜሪካ ቃሏን መለሰች፤ ግን ታንኮቹ ገብተዋል፤ ጎዴ ወድቃለች።

የጦርነቱን መጀመሪያ ማስታወስ ለብዙ ኢትዮጵያዊ ያማል። ምሥራቁን የሚጠብቀው ሦስተኛ ክፍለ ጦር ቀጭን ነበር፤ ዋናው ጦር ኤርትራ ነው ያለው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ድልድዮቹ ፈርሰው ቆሟል። ሚያዝያ 4 ቀን በታወጀው የእናት አገር ጥሪ ከየገጠሩ የተሰበሰበው ገበሬ ታጠቅ ጦር ሠፈር ገብቶ በጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ወደ ግንባር ተላከ። ከማሳው ተነሥቶ የሄደ፣ ሐረርጌ የት እንደሆነች ከዚያ በፊት ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው የታንክ ዓምድ ፊት የቆመው። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ልትያዝ ለጥቂት ተረፈች። ያተረፏት ተከላካዮቿና የአየር ኃይሉ ኤፍ-5 ተዋጊዎች ናቸው፤ አሜሪካ በንጉሡ ዘመን የሰጠቻቸው፣ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ያካበቱት ልምድ የታየባቸው አውሮፕላኖች። የሶማሊያን ሚጎች ከሰማይ አባረሯቸው፤ የአየሩ የበላይነት ከዚያ በኋላ ከኢትዮጵያ እጅ አልወጣም። ካራማራ ሲነሳ ኩባና ሶቪየት ቀድመው ይጠራሉ፤ ማንም የውጭ ጦር ሳይደርስ አገሪቱን በእነዚያ ወራት ያቆዩአት ግን እነዚህ ሰዎች ናቸው። ይህን ለልጆቻችን በደንብ አልነገርንም።

መስከረም 1970 ሲጠባ፣ የአብዮቱ ሦስተኛ ዓመት በሚከበርበት ሰሞን፣ ጅጅጋ ወደቀች። ከጅጅጋ ወደ ሐረር የሚወስደው የካራማራ ተራራ መተላለፊያ፣ ማርዳ ማለፊያም፣ አብሮ ተያዘ። ከዚያ ወዲያ ሐረርና ድሬዳዋ ብቻ ቀሩ።

ሞስኮ በዚህ ሁሉ ጊዜ ምን ትሠራ ነበር? ትሸመግል ነበር። በክረምቱ የሁለቱን አገሮች ልዑካን ሞስኮ ላይ ለማስማማት ሞከረች፤ ከሸፈ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዚያድ ባሬ ራሳቸው ሞስኮ ሄዱ፤ የሶቪየቱ መሪ ብሬዥኔቭ ሳያገኟቸው ቀሩ፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጥቅምት 9 ቀን አምባሳደር ራታኖቭ አዲስ አበባ ላይ ለሶማሊያ የሚላከው መሣሪያ መቆሙን በይፋ ተናገሩ። ጦርነቱ ከተጀመረ ሦስት ወር አልፎታል።

ኅዳር 4 ቀን 1970 ዓ.ም. ዚያድ ባሬ ውሉን ቀደዱት። የሶቪየት አማካሪዎች በሳምንት ውስጥ እንዲወጡ አዘዙ፣ በርበራን ዘጉ፣ ከኩባ ጋር ግንኙነት አቋረጡ። ሞስኮ ለዓመታት የገነባችውን ወደብ በአንድ መግለጫ አጣች። ልብ በሉ፦ ምርጫውን ያደረገላት ደንበኛዋ ነው። እሷ ልትወስን ያልደፈረችውን ዚያድ ባሬ ወሰኑላት።

ከዚያ በኋላ ግን የሶቪየት እርምጃ ፈጣንና ቆራጥ ሆነ። ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ በአየርና በባሕር ታንክ፣ መድፍ፣ ሚግ፣ ሮኬት ተወንጫፊ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ፤ ግምቱ አንድ ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ከአንድ ሺህ በላይ የሶቪየት ወታደራዊ ባለሙያዎች መጡ፤ የበላያቸው ጄኔራል ቫሲሊ ፔትሮቭ የሶቪየት ምድር ጦር ምክትል አዛዥ ናቸው፣ እንዲህ ያለ ማዕረግ ለአማካሪነት ብቻ አይላክም። ከኩባ በጄኔራል አርናልዶ ኦቾዋ የሚመራ ከ12 ሺህ በላይ ወታደር ደረሰ። ደቡብ የመንም ታንከኞች ላከች።

ይህን ውሳኔ ያቀለሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። ሶማሊያ ድንበር ጥሳለች፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1956 ዓ.ም. ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተወረሱ ድንበሮች ይከበሩ ያለውን ውሳኔ የሚደግፉ አፍሪካውያን ከኢትዮጵያ ጋር ናቸው። ስለዚህ ሞስኮ በአህጉሩ ፊት ወራሪ ተብላ አትወቀስም። ኢትዮጵያ በሕዝብና በስፋት ከሶማሊያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች፣ የቀይ ባሕር ወደቦችም አሏት፤ የጠፋውን በርበራ የአሰብ ወደብና የዳህላክ ደሴቶች ሊተኩት ይችላሉ። አሜሪካ ደግሞ በቬትናም ቁስል ላይ ሆና አፍሪካ ውስጥ ጦር እንደማትልክ ከአንጎላ ጊዜ ጀምሮ ታውቋል።

ዋሽንግተን ውስጥ ክርክሩ ከባድ ነበር። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ዝቢግኒው ብሬዚንስኪ የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ወደ አካባቢው ይላክ አሉ። ቫንስና የመከላከያ ሚኒስትሩ ሃሮልድ ብራውን ተቃወሙ፦ ወራሪው የእኛ አዲስ ወዳጅ ነው፣ መርከቡ እዚያ ሄዶ ምን ይሠራል? መርከቡ አልተላከም። እኔ ቫንስ ልክ ነበሩ እላለሁ። አሜሪካ በዚያ ሰዓት ይበጃል የምትለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር፦ የኢትዮጵያ ጦር ወደ ሶማሊያ ግዛት እንዳይሻገር ማስጠንቀቅ። የካቲት ላይ የብሬዚንስኪ ምክትል ዴቪድ አሮን አዲስ አበባ መጥተው መንግሥቱን አነጋገሩ፤ እንደማይሻገሩ ቃል ገቡላቸው። ቃሉም ተጠበቀ።

የካቲት 26 ቀን ጅጅጋ ነፃ ወጣች። ማርዳ ማለፊያን በግንባር መግጠም እልቂት ነው፤ ጠባብ ነው፣ ሶማሌዎቹ ከፍታውን ይዘው መሽገውበታል። ስለዚህ የኢትዮጵያና የኩባ ጦር በሰሜን በኩል ተራራውን ዞረ። ሄሊኮፕተሮች ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችና ወታደሮች እያነሱ ከተራራው ማዶ፣ ከጠላት ጀርባ አወረዱ። ማለፊያውን የያዘው ጦር ከፊትም ከኋላም ሲያዝ መከላከያው ተፈታ። ከአራት ቀን በኋላ ዚያድ ባሬ ጦራቸውን እንደሚያስወጡ አስታወቁ። በእያንዳንዱ ወገን ከስድስት ሺህ በላይ ወታደር እንደሞተ የሚቆጠር ሲሆን ሲቪሉ በዚህ ውስጥ የለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር የኦጋዴን ሰው ወደ ሶማሊያ ተሰዶ በመጠለያ ዓመታት ኖረ። አዲስ አበባ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የኢትዮጵያና የኩባ ወታደሮችን ያስታውሳል። ግመሎቹና ጉድጓዶቹ መሐል ጦርነቱ የተካሄደበት አርብቶ አደር እዚያ ሐውልት ላይ የለም፤ ሞቃዲሾም አዲስ አበባም ሞስኮም አንድ ቀን አላማከሩትም።

ሞስኮ ድል አደረገች። ከድሉ ምን አገኘች?

ከአሜሪካ ጋር የነበረው ውጥረትን የማርገብ ፖለቲካ ተጎዳ፤ ብሬዚንስኪ የስትራቴጂክ መሣሪያ ገደብ ስምምነቱ በኦጋዴን አሸዋ ውስጥ ተቀበረ ብለው ከዓመታት በኋላ ጽፈዋል። ይህ ማጋነን አለበት፣ ውሉ በመጨረሻ የወደቀው በአፍጋኒስታን ነው፤ ግን ጥርጣሬው ከዚህ መጀመሩ አይካድም። አሜሪካም ነሐሴ 1972 ላይ ከሶማሊያ ጋር ተስማምታ በርበራን መጠቀም ጀመረች። ሶቪየቶች የሠሩት ማኮብኮቢያ ላይ።

በአዲስ አበባ ደግሞ ሞስኮ ያሰበችውን ያህል ቃሏ አልተሰማም። ከድሉ ጥቂት ወራት በኋላ ኩባውያን ቀድሞ የደርግ አጋር የነበረው የመኢሶን ፓርቲ መሪ የነበሩትን ዶክተር ነገደ ጎበዜን በድብቅ አዲስ አበባ አስገቡ፤ መንግሥቱ ከመኢሶን ጋር ታርቀው ሲቪል የሚገኝበት ፓርቲ እንዲመሠርቱ ግፊት ለማድረግ ይመስላል። መንግሥቱ የኩባን አምባሳደር አባረሩ። አስቡት፦ የኩባ ወታደር ደም ጅጅጋ ላይ ገና አልደረቀም። ሶቪየቶችም ፓርቲ ይቋቋም ሲሉ ለምነው ነበር፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) የተመሠረተው በ1977 መባቻ ላይ ነው፣ ያውም መንግሥቱ በፈለጉት መልክ፣ አብዛኛው አመራር ባለማዕረግ ሆኖ። ታንክ የሰጠ ሁሉ የሚያዝ ይመስለዋል። ታንኩ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ግን መልሶ መውሰድ ማለት ደንበኛውን መጣል ነው፤ ደንበኛውን መጣል ደግሞ የራስን ስም መጣል ነው። መንግሥቱ ይህን ከማንም ቀድመው ተረድተዋል።

ትልቁ ጥፋት የተፈጸመው ኤርትራ ላይ ነው። የኦጋዴን ጦርነት የውጭ ወረራ ነበር፤ በብረት መመለስ ይቻል ነበር፣ ተመለሰም። ኤርትራ የፖለቲካ ጥያቄ ነው። ኩባ ይህን ለይታ ስለምታውቅ ወታደሮቿን ኤርትራ ውስጥ አላዋጋችም፤ አማፅያኑን ቀድሞ ትደግፋቸው ነበርና። ምሥራቅ ጀርመን በ1970 ዓ.ም. የደርግንና የኤርትራ አማፅያን የሆነውን የሕዝባዊ ግንባርን ተወካዮች አገናኝታ ለማስታረቅ ሞክራ አልተሳካላትም። ሞስኮ ግን ያ የሠራው መሣሪያ እዚህም ይሠራል ብላ ጦሩን ማስታጠቅ ቀጠለች። ኅዳር 1971 ላይ የ20 ዓመት የወዳጅነት ውል ፈረመች፣ ዳህላክ ላይ የባሕር ኃይል ጣቢያ አገኘች። የኢትዮጵያ ጦር ከ300 ሺህ በላይ ሆነ። ጦሩ በበዛ ቁጥር መደራደር የውርደት ያህል ተቆጠረ።

መጋቢት 1980 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ አፋቤት ላይ የኢትዮጵያ ጦር ናደው እዝ በሕዝባዊ ግንባር ሲደመሰስ ከተማረኩት መሐል ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ነበሩ። ያኔ ክሬምሊን ያሉት ሚካኤል ጎርባቾቭ ናቸው፤ ለመንግሥቱ በፖለቲካ ፍቱት ማለት ጀመሩ፣ በ1983 ዓ.ም. የሚያበቃው የወታደራዊ ስምምነት እንደማይታደስም አሳወቁ። ከአሥር ዓመት በፊት ቢባል ኖሮ ምናልባት ሰሚ ያገኝ ነበር።

በዚያው በአፋቤት ሰሞን መንግሥቱና ዚያድ ባሬ ተስማሙ። ግንኙነታቸውን አደሱ፣ ጦራቸውን ከድንበር አራቁ፣ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላያስጠጋ ቃል ተገባቡ። ኤደን ላይ ካስትሮ ለምነው ያጡት ሰላም ነበር፤ አሁን የመጣው ግን እያንዳንዳቸው ጦራቸውን ወደ አገር ውስጥ ግንባር ለማዞር ስለፈለጉ ነው። የኢትዮጵያ ጦር ወደ ሰሜን ሄደ። ኢትዮጵያ ውስጥ ተጠልሎ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ መግቢያ ሲያጣ ግንቦት ላይ ሐርጌሳንና ቡርዖን አጠቃ፤ የዚያድ ባሬ መንግሥትም ሐርጌሳን፣ የራሱን ከተማ፣ በአየርና በመድፍ ደበደባት። ነዋሪዎቿ በመቶ ሺዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ፤ ከአሥር ዓመት በፊት የኦጋዴን ስደተኞች የሸሹበትን መንገድ እነሱ ወደዚህ ተጓዙበት።

ዚያድ ባሬ ጥር 1983 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ወጡ፤ መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን ከአዲስ አበባ። ሶቪየት ኅብረት ራሷ ከወራት በኋላ በታኅሣሥ 1984 ፈረሰች። የመሣሪያው ዕዳ ግን በኢትዮጵያ ስም ተመዝግቦ፣ በቢሊዮን ዶላር ተቆጥሮ ቀረ፤ ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችው ካራማራ ካለፈ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይታ ነው።